ዋናውን ሳይነኩ መለወጥ፦ ከፍራፔ ጋር ትውውቅ

አንድ ድርጅት የሂሳብና የንብረት ሶፍትዌር ሲያስፈልገው ብዙውን ጊዜ ሁለት አማራጭ ብቻ ይቀርብለታል፤ ውድ የውጭ ሶፍትዌር መግዛት ወይም ፕሮግራመር ቀጥሮ ከባዶ ማሠራት። ሦስተኛውን መንገድ የሚያነሳ ጥቂት ነው። ሎው-ኮድ ይባላል፤ አብዛኛው ሥራ ፎርም በመሙላትና ምርጫ በማድረግ የሚያልቅበት፣ ኮድ የሚጻፈው የግድ ሲሆን ብቻ የሆነበት ፕላትፎርም ነው። ከሎው-ኮድ ፕላትፎርሞች ውስጥ የምወደው፣ የሚገባውንም ክብር አላገኘም የምለው ፍራፔ ነው።

ፍራፔ የሙምባይ ሥራ ነው። መሥራቹ ሩሻብ መህታ ለቤተሰቡ የቤት ዕቃ ንግድ የሚሆን ሶፍትዌር ሲሠራ ነው ነገሩ የተጀመረው። ዛሬ በፍራፔ ላይ ከተገነቡት ሁሉ የታወቀው ኢአርፒኔክስት ነው፤ ሽያጩን፣ ግዢውን፣ መጋዘኑን፣ ሂሳቡን አንድ ላይ ይይዛል። የሁለቱም ኮድ ክፍት ነው፤ በራሱ ሰርቨር ላይ የሚጭን ሰው የፈቃድ ክፍያ አይጠየቅም።

በፍራፔ ውስጥ ሁሉም ነገር ዶክታይፕ ነው። ደንበኛ ዶክታይፕ ነው፣ ደረሰኝ ዶክታይፕ ነው፣ ዶክታይፕ ራሱም ዶክታይፕ ነው። ስሙንና መስኮቹን ሲሞሉለት የዳታቤዙን ሠንጠረዥ፣ የመሙያ ፎርሙንና ዝርዝሩን እሱ ያዘጋጃል። ማን እንዲያይ፣ ማን እንዲያጸድቅ እንደሚፈቀድም እዚያው ይወሰናል።

እዚህ ድረስ ያለውን ሌሎች ፕላትፎርሞችም ይሠሩታል። እኔን የማረከኝ ፕሮፐርቲ ሴተር የሚባለው ነው፤ ብዙ ተጠቃሚ ስሙን እንኳ ሰምቶ አያውቅም። የሽያጭ ደረሰኙ ላይ አንድ መስክ አያስፈልገንም እንበል። ከስተማይዝ ፎርም የሚለውን ገጽ ከፍተን እንዲደበቅ እናደርጋለን፣ እናስቀምጣለን፣ መስኩ ከፎርሙ ይጠፋል። የደረሰኙ የመጀመሪያ ትርጉም ግን አልተነካም። ፍራፔ የሚጽፈው አንድ አጭር መዝገብ ብቻ ነው፦ የትኛው ዶክታይፕ፣ የትኛው መስክ፣ የትኛው ባሕርይ፣ አዲሱ ዋጋ ምን ይሁን። ፎርሙ ሲጫን መጀመሪያ የአምራቹ ትርጉም ይነበባል፤ ቀጥሎ እኛ የጨመርናቸው መስኮች፣ ማለትም ከስተም ፊልዶች፣ ይገባሉ፤ በመጨረሻ እነዚህ መዝገቦች ከላይ ይደረባሉ። የዜማ ምልክት ከፊደሉ በላይ እንደሚጻፍ ማለት ነው፤ ዜማው ይጨመራል፣ ንባቡ እንዳለ ይቀመጣል።

ጥቅሙ የሚታየው አዲስ ቨርዥን ሲመጣ ነው። አምራቹ የራሱን ትርጉም ያድሳል፣ የእኛ ለውጥ በቦታው ይቆያል። በቅርብ ቨርዥኖች ደግሞ እኛ በምንጨምረው መስክ ውስጣዊ ስም ፊት «ከስተም» የሚል ቅጥያ ይገባል፤ አምራቹ ነገ ተመሳሳይ ስም ያለው መስክ ቢያወጣ ሁለቱ እንዳይጋጩ ታስቦ ነው። እንዲህ ያለ አርቆ ማሰብ በጣም ውድ በሆኑ ሶፍትዌሮች ውስጥ እንኳ ሁልጊዜ አይገኝም።

ይህ ሁሉ እያለ ግን «ለእኛ አገር እንዲሆን ኮዱ ውስጥ መግባት አለብኝ» የሚል ባለሙያ ሞልቷል። ሥራውን ያየሁለት አንድ አስመጪ ድርጅት እንዲህ ያለ ባለሙያ ቀጥሮ ነበር። ሰውየው የግብር ስሌቱን በኢአርፒኔክስት ዋና ፋይሎች ውስጥ ጻፈ፤ ማስታወሻ አልተወም። እሱ ከሄደ በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ አፕዴት ሲያደርግ ትእዛዙ በአካባቢያዊ ለውጥ ምክንያት እምቢ አለው። በግድ ሪሴት አደረገው፤ ዋናው ኮድ ወደ አምራቹ ቅጂ ተመለሰ፣ ስሌቱም አብሮ ጠፋ። አካውንታንቷ የወሩን የቫት ሂሳብ በእጅ ስታስተካክል አገኘኋት። 15 በመቶው ቫት እኮ በግብር ቴምፕሌት ፎርም ላይ የሚሞላ አንድ ቁጥር ነበር!

ሌላው የሚያስቆጨኝ የቀን አያያዝ ነው። ዳታቤዙ ቀንን የሚያስቀምጠው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አንዳንዶች ይህን ለማለፍ የጽሑፍ መስክ ፈጥረው የኢትዮጵያን ቀን እንደ ተራ ጽሑፍ ያስገባሉ። ጽሑፍ በፊደል ተራ ይደረደራልና 01/11/2017 ከ02/01/2017 በፊት ይመጣል፤ ሐምሌ 1 መስከረም 2ን ይቀድማል ማለት ነው። ሪፖርቱ ሁሉ ይበላሻል። ቀኑ በቀን መስክ ይግባ፤ የእኛን አቆጣጠር በጥቂት መስመር ስክሪፕት አስልቶ ከጎኑ ማሳየት ይቻላል። ሐምሌ 1 የሚጀምረው የበጀት ዓመታችንማ ኮድ አይፈልግም። በጳጉሜን 6 ምክንያት መስከረም 1 በአንድ ቀን ቢገፋም፣ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ ልዩነቱ ይስተካከላል፤ ስለዚህ በዘመናችን ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ላይ ይውላል። የኢአርፒኔክስት የሂሳብ ዓመት ፎርም ላይ ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ብሎ መሙላት ይበቃል።

ሁሉንም መስክ አስገዳጅ ማድረግም ይቅር። ሠራተኛው መረጃው በእጁ ከሌለ ነጥብ ወይም ዜሮ ሞልቶ ያልፋል፤ ባዶ መስክ ከሐሰተኛ ቁጥር ይሻላል። 10 አሃዝ ያለውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አስገዳጅ ማድረግ ካስፈለገ ርዝመቱም አብሮ ይፈተሽ።

ለውጥን በቀጥታ በሥራ ላይ ባለው ሳይት ላይ መሞከር ደግሞ ስንፍና ነው። ፍራፔ በአንድ ሰርቨር ላይ የየራሳቸው ዳታቤዝ ያላቸው ብዙ ሳይቶችን ያስተናግዳል፤ አንዱን ለሙከራ መክፈት ይቻላል። እዚያ የተስተካከለው መስክና ፕሮፐርቲ ሴተር ፊክስቸር የሚባል ፋይል ሆኖ ለድርጅታችሁ ለብቻው ወደተፈጠረ አፕ ይወጣል፤ ፋይል ስለሆነም በጊት ይያዛል፣ ማን ምን እንደለወጠ ይታወቃል፣ ወደ ዋናው ሳይትም ይወሰዳል።

ስለዚህ ባለሙያ ከመቅጠራችሁ በፊት ለውጡን የት እንደሚያስቀምጠው ጠይቁት። በከስተም ፊልድ፣ በፕሮፐርቲ ሴተር ወይም በራሳችሁ አፕ ውስጥ ካለ ሥራውን ስጡት። ዋናውን ፋይል እከፍታለሁ ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።