ዓሣ በኩሬ ውስጥ በድንገት ሲሞትና ክንፉ ሲጎዳ ምክንያቱን ስለ መለየት

ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፥ በዋግ ቆላ ዓሣ ማጥመድ የብዙ ሰው መተዳደሪያ ሆኗል። በአበርገሌ፥ በዝቋላና በሰሃላ ያሉ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ያወጣሉ፤ በጾም ወራትም ዓሣ የሚፈልገው ሰው ይበዛል። ይህን ጥቅም ያየ የደጋ ሰው በበኩሉ ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ለማርባት ቢያስብ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን የኩሬ ዓሣ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። ባለቤቱም ጧት ሬሳው በውኃ ላይ ተንሳፎ ሲያገኘው፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው የጎረቤቱን ጠላትነት ነው፤ መርዝ አደረገብኝ ብሎም ይከሳል። ክሱ የሚደርሰው ለወረዳው ሹም ነውና፥ ሹሙ ሰው ከማሰሩ በፊት የዓሣውንና የውኃውን ምልክት መመርመር ይገባዋል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ዓሣው የሞተበት ሰዓት ነው። ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ዋቅላሚ በቀን ብርሃን ኦክሲጅን ያወጣል፤ በሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳልና ያንኑ መልሶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የውኃው ኦክሲጅን ከሁሉ የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። ሰማዩ ለብዙ ቀን ደመና ሆኖ ሲቆይ፥ ወይም ፍግና የተረፈ መኖ በኩሬው ውስጥ ሲበሰብስ ጉድለቱ ይብሳል። በደጋም አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ሙቀቱ እኩል በሆነ ጊዜ የደጋ ውኃ ከቆላው ያነሰ ኦክሲጅን ይይዛል። እንግዲህ ዓሣው ጎሕ ሲቀድ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ ሲያለከልክ ከታየ፥ ከሞቱትም ትልልቆቹ ከበዙ፥ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የትንፋሽ እጦት ነው።

ለዚህም አምባዛ ጥሩ ምስክር ነው። አምባዛ ከውኃው ሌላ የላዩን አየር መተንፈስ የሚችል ፍጥረት ስለ ሆነ፥ ኦክሲጅን ባነሰበት ውኃ ቆሮሶ ሲያልቅ እርሱ ይተርፋል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ኩሬ ካሉና ቆሮሶው ብቻ ሞቶ አምባዛው ደኅና ከሆነ፥ ጎረቤትን ለመክሰስ መቸኮል አይገባም።

ሁለተኛው ምልክት የክንፉ ሁኔታ ነው። የቆሮሶ ወንዶች በጥልቀት በሌለው ስፍራ ጎጆ ቆፍረው ሲጠብቁ እርስ በርሳቸው ይነካከሳሉ። እንዲህ የተነከሰ ዓሣ ክንፉ ቢቀደድም መልኩ አይጠፋም፤ መብላቱንም አይተውም፤ የሚጎዱትም ጥቂቶች ናቸው። የክንፉ ጫፍ ነጥቶ ወይም ደም ቋጥሮ ከቀን ወደ ቀን እየተበላ ወደ ሥሩ ከሄደ ግን ይህ የክንፍ መበስበስ ነው፤ የሚያመጡትም በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። በመረብ ወይም በማጓጓዝ ቅርፊቱ በተላጠበት ስፍራ እንደ ጥጥ ያለ ነገር ሲበቅል ደግሞ ሻጋታ መሆኑ ይታወቃል።

ሆኖም ባክቴሪያውም ሻጋታውም የሚበረቱት አስቀድሞ የደከመ ዓሣ ሲያገኙ ነው። የሚያደክመውም አንዱ ብርድ ነው። ቆሮሶ የሞቀ ውኃ ዓሣ ነውና፥ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እድገቱ ይዘገያል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋም ይሞታል። ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፥ ከተከዜ ቆላ የመጣ ቆሮሶ የኅዳርንና የታኅሣሥን ሌሊት በጭንቅ ያልፋል። ሁለተኛው የውኃው መቆሸሽ ነው። ከዓሣው ኩስና ካልተበላው መኖ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል፤ ይህም ስንጥቡን፥ ማለት ዓሣው የሚተነፍስበትን ከራሱ ግራና ቀኝ ያለውን ቀይ ብልት፥ ያቃጥለዋል። የባሕር ዓሣ በመስተዋት ገንዳ የሚያኖሩ የውጭ አገር ሰዎችም፥ ዓሣቸው ክንፉ ሲያልቅ ወይም ያለ ምክንያት ሲሞት መድኃኒት ከመጨመር በፊት ውኃውን መመርመር የለመዱት ስለዚህ ነው።

ነገር ግን መርዝ የሚባለው ሁሉ ሐሰት አይደለም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲበተን ዓሣን እንደሚያሰክር፥ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ያሉ አጥማጆች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የተባይ መድኃኒትም ከእርሻ በጎርፍ ታጥቦ ወይም የመርጫ ዕቃ ከኩሬው አጠገብ ሲታጠብ ገብቶ ዓሣ ይገድላል፤ በዚህ ጊዜ ጥፋቱ ቸልተኝነት እንጂ ጠላትነት ላይሆን ይችላል። ሞቱ በጠራራ ፀሐይ በድንገት የመጣ ከሆነ፥ ትልቁም ትንሹም ቆሮሶውም አምባዛውም አብሮ ካለቀ፥ የውኃው ትንኋኖችም ከዓሣው ጋር ሞተው ከተገኙ መርዝ መጠርጠር ይገባል። ይህም ቢሆን ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ስለዚህ አቤቱታ የቀረበለት ሹም እንዲህ ቢያደርግ መልካም ነው። አንደኛ፥ ውኃው ሳይለወጥ በዚያው ዕለት ከኩሬው በንጹሕ የመስተዋት ጠርሙስ አስቀድቶ፥ ከሞቱትም ጥቂት ዓሣ በበረዶ አስይዞ በሰቆጣ ወዳለው የግብርና ምርምር ማዕከል ቢልክና ምርመራው የት እንደሚደረግ ቢጠይቅ። ሁለተኛ፥ የሞተበትን ሰዓት፥ የሞተውን ቁጥርና ዓይነት፥ የክንፉንና የስንጥቡን መልክ፥ በቅርብ ቀን በአካባቢው የተረጨ መድኃኒት እንዳለ በምስክር ፊት ቢያጽፍ። ሦስተኛ፥ የሞተው ዓሣ እንዳይበላና እንዳይሸጥ ከልክሎ፥ ከውኃ ርቆ ኖራ ተነስንሶበት እንዲቀበር ቢያዝ። አራተኛ፥ ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ባለቤቱ መኖውን አቁሞ፥ ንጹሕ ውኃ ቀስ በቀስ እየጨመረ የተረፉትን እንዲያድን፥ መድኃኒትም በግምት እንዳይጨምር ቢመክረው።

ኩሬ ቢደርቅ በክረምት ይሞላል፤ ዓሣም ቢያልቅ ጫጩት ከተከዜ ይመጣል። ባልሠራው ጥፋት የታሰረ ጎረቤት ግን ቂሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ሹሙ በመጀመሪያ ውኃውን ይጠይቅ፤ ሰውን ከዚያ በኋላ።