መቀስ ያልነካው ጨርቅ

በፔሩ፣ ኩስኮ ከተማ ዙሪያ ባሉት ደጋማ መንደሮች አንዲት የኬቿ ሕዝብ እናት ልጇን የምታዝልበት፣ ከገበያ ድንች ቋጥራ የምትመለስበት፣ ሲበርዳትም ትከሻዋ ላይ ጣል የምታደርገው ጨርቅ አንድ ነው። ሊክላ ይሉታል። ሲለበስ ደረት ላይ በትልቅ የብረት መርፌ ይያዛል። ዕቃ ተቋጥሮበት ጀርባ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሸክሙ «ቄፒ» ይባላል። የኩስኮ ኬቿ ቋንቋ ቀን፣ ጠንና ጨን እንደ እኛው አጥብቆ ስለሚጠራ ይህ ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ አፍ አይከብድም። ኡንኩኛ የምትባል ትንሽ ጨርቅም አለች፤ ስንቅና የኮካ ቅጠል ይያዝባታል።

ሸማኔዋ መሬት ላይ ተቀምጣ የድሩን አንድ ጫፍ ከግንድ፣ ሌላውን ወገቧን ከሚያቅፍ ጠፍር ጋር ታስራለች። ወደ ኋላ ስትል ድሩ ይወጠራል፤ ወደ ፊት ስትል ይላላል። የሽመና ዕቃው ግማሹ የራሷ ገላ ነው ማለት ይቻላል። ቀለሙ ሁሉ ያለው በድሩ ላይ ነው፤ ማጉ ከሥሩ ተሸሽጎ ይቀራል። ጥለቱን ለማውጣት ክሮቹን በጣቷ እየለቀመች ታነሳለች፤ ንድፍ የተሳለበት ወረቀት የለም፤ ቁጥሩ በቃሏ ነው። ሩኪ በሚባል፣ ላማ ከተባለው የአገሩ እንስሳ አጥንት በተሳለ ሹል መሣሪያም ድሩን እየመታች ማጉን ታጠብቃለች።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ጠርዙ ነው። ድሩ ከሁለቱም ጫፍ ተጠምልሎ ስለሚመለስ ጨርቁ ከዕቃው ላይ ሲወርድ የሚቆረጥ ክር የለውም፤ አራቱም ጠርዞች ድፍን ናቸው። ፈተናው መጨረሻው ላይ ነው። የቀረችው ቦታ እየጠበበች ስትሄድ መወርወሪያ አላልፍ ይላል፤ ያኔ ማጉ በመርፌ ይሾልካል። እንዲህ የተሠሩ ሁለት ቁራጮች መሐል ላይ ሲሰፉ አንድ ሊክላ ይሆናሉ።

የክሩ ቀይ ቀለም የሚገኘው በቁልቋል ላይ ከምትኖር ኮቺኒል ከምትባል ደቃቅ ነፍሳት ነው። ደርቃ ትፈጫለች፤ ሎሚ ሲጨመርባት ቀለሟ ይደምቃል።

የፋብሪካ ክርና የፋብሪካ ጨርቅ ይህን ሙያ ክፉኛ ገፍተውት ነበር። የቺንቼሮ መንደሯ ሸማኔ ኒልዳ ካያኛውፓ ከባልደረቦቿ ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. በኩስኮ የባህላዊ ሽመና ማዕከል ያቋቋመችው ለዚህ ነው። በቲቲካካ ሐይቅ ላይ ያለችው የታኪሌ ደሴት ሽመናም በ2005 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ዕውቅና አግኝቷል።

እንዲህ ያለ ጨርቅ ገበያ ላይ ካጋጠማችሁ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ጠርዙን ዳብሱት። ተቆርጦ የተቀመቀመ ከሆነ መሬት ላይ ተቀምጣ የምትሸምነዋ ሴት የእጅ ሥራ ላይሆን ይችላል።