ላፕቶፓችሁ ከሃይበርኔት ሲነሳ ለምን ክራሽ ያደርጋል?

ሃይበርኔት ስታደርጉት ራም ላይ ያለው ሁሉ፣ ሴቭ ያላደረጋችሁት አሳይመንት ጭምር፣ ዲስክ ላይ ተጽፎ ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ስትከፍቱት ፋይሉ ተመልሶ ይነበባል። ግራፊክስ ካርዱና ዋይፋዩ ግን ምንም አያስታውሱም! ድራይቨራቸው እንደ አዲስ ካላስነሳቸው ኮምፒውተሩ ይወድቃል።

መጀመሪያ ስሊፕ አድርጋችሁ ቀስቅሱት። ስሊፕ ራሙን ስለማያጠፋው በተለምዶ ዲስኩን አይፈልግም። ከስሊፕም ሲነሳ ከወደቀ ድራይቨር ጠርጥሩ፣ በተለይ የግራፊክሱን፤ አዲሱን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ጫኑ። ከሃይበርኔት ብቻ እምቢ ካለ ግን ጥርጣሬው ወደ ዲስኩና ወደ ፋይሉ ያዘነብላል። ዊንዶውስ ላይ ሃይበርኔትን በኮማንድ ፕሮምፕት አጥፍታችሁ መልሳችሁ ብታበሩት ፋይሉ ተሰርዞ በአዲስ ይተካል።

ታዲያ ሻት ዳውን ብቻ ላይበቃ ይችላል፤ ፋስት ስታርትአፕ ከበራ ዊንዶውስ የራሱን ከርነል እዚያው ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ሪስታርት አድርጉት።