አንድ ጠመንጃ፣ ብዙ አባት

ጠመንጃን በሠሪው ስም መጥራት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ያሉትን ነው፤ ግራ መሣሪያውን የነደፈው መኮንን ስም ነው። ስናድር የአሜሪካዊውን ፈልሳፊ የጄኮብ ስናይደርን ስም ይዞ ቀርቷል። በልጅግ ከቤልጅየም የመጣ ለመሆኑ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። አያቶቻችን የላቲን ፊደል ባይቆጥሩም መሣሪያው ከማን እጅ እንደወጣ በጆሯቸው ይለዩ ነበር። ብረቱ ላይ የተመታውን ማንበብ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የዚህ ሙያ ሰዎች መጀመሪያ የሚያስተምሩትም ትልቁን ስም ቶሎ አለማመንን ነው።

በአሮጌ የጦር ጠመንጃ ላይ የሚገኙ ምልክቶች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው የሠሪው ነው፦ የፋብሪካው ስም፣ አርማ ወይም ምስጢራዊ ፊደል። በውጅግራ ጎን ላይ «ሴንት ኤትየን»፣ «ሻተለሮ» ወይም «ቱል» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ ከፈረንሳይ መንግሥት ሦስት የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች የአንዱ ስም ነው። ሁለተኛው የፈታሹ ማህተም ነው፤ ብረቱ በኃይለኛ ጥይት ተሞክሮ አለመፈንዳቱን ያረጋግጣል። በቤልጅየሟ ሊዬዥ ከተማ የተፈተሸ መሣሪያ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ሦስት ፊደሎች፣ በኋለኞቹ ላይ ደግሞ ከላይ ዘውድ ይታይበታል። ሦስተኛው የባለቤቱ ምልክት ነው። ከኢጣሊያ ወረራ በፊት ኢትዮጵያ ከጀርመኑ ማውዘር ፋብሪካ ባስመጣቻቸው ጠመንጃዎች ላይ አንበሳ የተቀረጸው ለዚህ ነው። ሠሪ፣ ፈታሽና ባለቤት ተምታተው ከተነበቡ ጠመንጃው ያልወለደው አባት ይሰጠዋል።

ሙያውን ለመማር ከአሜሪካው ኤም ዋን ካርባይን የተሻለ መምህር አይገኝም። ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን፣ 15 ጥይት በሚይዝ ካዝና የሚሠራ ቀላል መሣሪያ ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1941 ተቀበለው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ተመርቶ ነበር። ይህን ሁሉ የሚያወጣ አንድ ፋብሪካ ስላልነበረ ሥራው ለአሥር ዋና ተቋራጮች ተከፋፈለ። ከአሥሩ ቀድሞ ጠመንጃ ሠርቶ የሚያውቀው ዊንቸስተር ብቻ ነበር። ከሁሉ በላይ ያመረተውና ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ያወጣው ኢንላንድ የጄኔራል ሞተርስ ክፍል ሲሆን የመኪና መሪ ይሠራ ነበር። አንደርውድ የጽሕፈት መኪና፣ አይ.ቢ.ኤም የቢሮ ማሽን፣ ናሽናል ፖስታል ሜትር የፖስታ ማሽን ሠሪዎች ነበሩ። ሮክ-ኦላ ደግሞ ሳንቲም ሲጎርስ ዘፈን የሚያወጣውን ጁክቦክስ ይሠራ የነበረ የቺካጎ ድርጅት ነው። ትናንት ሙዚቃ ሲሠራ የነበረ እጅ በማግሥቱ አፈሙዝ ይቦረቡር ጀመር።

እንግዲህ አንዱን ካርባይን ጠረጴዛ ላይ እናጋድመው። ከሁሉ በፊት ካዝናው ይወጣል፣ ጥይት ቤቱ ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። ከዚያ ሪሲቨር የሚባለውን ዋናውን የብረት አካል እናያለን። ከኋላ ጫፉ ላይ የሠሪው ስምና መለያ ቁጥሩ ተመትተዋል። ብዙ ጊዜ ግን ስሙ አይታይም። የመጀመሪያዎቹ ካርባይኖች የኋላ ማነጣጠሪያ ወዲያና ወዲህ የሚገለበጥ ትንሽ ቅጠል ነበር፤ በኋላ ወደ ግራና ቀኝ የሚስተካከል ሰፋ ያለ ተተካለት። ሰፊው ማነጣጠሪያ ስሙ ላይ ጋደም ስለሚል ጀማሪው «ስም የለውም» ብሎ ያልፋል። የለመደው ሰው ባትሪውን በአግድም አብርቶ ጎንበስ ይልና ከሥሩ ያነበዋል።

የእኛው ናሙና ሪሲቨሩ ላይ «ኳሊቲ» ይላል። አፈሙዙ ላይ፣ ከፊት ማነጣጠሪያው ጀርባ፣ የተጻፈው ግን «ሮክ-ኦላ» ነው። ጀማሪው ወዲያው «ተቀይሯል፣ ተበላሽቷል» ይላል፤ የሚፈርደውም በስህተት ነው። ኳሊቲ ሃርድዌር የተባለው ተቋራጭ አፈሙዝ አልሠራም፤ ከሌሎች ፋብሪካዎች እየተላከለት ይገጥም ነበር። ስለዚህ የሁለቱ ስም መለያየት መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው መልክ ሊሆን ይችላል።

ወደ ውስጥ ስንገባ ስም ያልቅና ፊደል ይጀምራል። ቦልቱ (ጥይት ቤቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት)፣ መዶሻው፣ የቃታው ቤት፣ የማነጣጠሪያው ቅጠል፣ አንዳንዴ ትንሿ ቁልፍ ሳትቀር አንድ ወይም ሁለት የላቲን ፊደል ይዘዋል። «ደብሊው» ዊንቸስተር ነው፣ «ዩ» አንደርውድ፣ «ቢ» አይ.ቢ.ኤም፣ «ኪው» ኳሊቲ፣ «ኤን» ናሽናል ፖስታል ሜትር። ፊደሎቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው የዋናው ተቋራጭ ነው፤ ከፊቱ ያለው ክፍሉን የሠራለትን ንዑስ ተቋራጭ ያመለክታል። ቦልት ላይ «ኤ-ኦ-ቢ» የሚል ብናገኝ ኦቶ-ኦርድናንስ የተባለው ድርጅት ለአይ.ቢ.ኤም የሠራው ነው ማለት ነው። የልጁ ስም ቀድሞ የአባቱ ስም የሚከተልበትን የእኛን አጠራር ስለሚመስል ለማስታወስ ይቀላል።

ፊደሉ ስለ ሠሪው ሲናገር ቅርጹ ስለ ዘመኑ ይናገራል። ቀደምት ቦልቶች ጀርባቸው ጠፍጣፋ ነው፤ የኋለኞቹ ክብ ናቸው። የሳንጃ መሰኪያ ያለው ቀለበት የመጣው በጦርነቱ ማብቂያ ገደማ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1943 የተመታ አፈሙዝ የሳንጃ መሰኪያ ይዞ ከተገኘ መሰኪያው ኋላ የተጨመረ ነው። ማን ጨመረው? መልሱ ሰደፉ ላይ ይገኛል። ከጦርነቱ በኋላ ካርባይኖቹ በመንግሥት የጥገና ማዕከሎች ተፈታተው፣ ክፍሎቻቸው ተቀላቅለው፣ ደህናው ተመርጦ እንደገና ተገጥሟል፤ ማዕከሉም የስሙን መነሻ ፊደሎች እንጨቱ ላይ መትቶበታል። የእያንዳንዱ ክፍል ልክ አንድ ወጥ ስለነበር የጽሕፈት መኪና ሠሪው ቃታ ቤት የመኪና መሪ ሠሪው ሪሲቨር ውስጥ ያለ ሞረድ ይገባል። ፊደሎቹ የተመቱት ለሰብሳቢ ደስታ ሳይሆን አንድ ክፍል ሲሰበር ጥፋቱ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ለማወቅ ነበር።

የጀርመኖቹ መንገድ ሌላ ነው። በማውዘራቸው ቦልትና በሌሎች ክፍሎች ላይ የመለያ ቁጥሩን ወይም የመጨረሻ አኃዞቹን ይመቱ ነበር፤ ስለዚህ የተቀየረው ክፍል ባልተመሳሰለ ቁጥሩ ይጋለጣል። የፋብሪካውን ስም ግን ጠላት እንዳያውቀው በቁጥር፣ ኋላም በፊደል ደብቀውታል። «ቢ-ዋይ-ኤፍ» የኦበርንዶርፉ ማውዘር፣ «ቢ-ኤን-ዜድ» የኦስትሪያው ሽታየር ነበር። አሜሪካዊው ካርባይን መለያ ቁጥሩ ሪሲቨሩ ላይ ብቻ ስለሆነ ታሪኩን የሚያወጡት እነዚያ ጥቃቅን ፊደሎች ናቸው።

ይህ መሣሪያ ለእኛም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የደረሰው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ሲሰለፍ የታጠቀው የአሜሪካን መሣሪያ ነው። በኋላም በወታደራዊ እርዳታ በኩል ካርባይኑ ወደ አገራችን ገብቷል።

ዛሬ ፊደሎቹ ገንዘብ ስለሆኑ ሐሰተኛም አላጡም። ጥንት ፊደሉ የሚመታው ብረቱ ቀለም ከመያዙ በፊት ነበር፤ ስለዚህ የጎድጓዳው ውስጥና ዙሪያው አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ትናንት የተመታ ከሆነ በማጉያ መነጽር ሲታይ ጎድጓዳው ያበራል፣ ጠርዙም ለጥፍር ሻካራ ነው።

ሌላው ጥፋት ሐሰት ሳይመስል የሚሠራው ነው። አንዳንድ ሰብሳቢ ክፍሎቹን ሁሉ አውጥቶ የአንድ ፋብሪካ ፊደል ባላቸው ይተካል፤ «አሁን ወደ ጥንቱ ተመለሰ» ብሎም ይደሰታል። እያንዳንዱ ክፍል እውነተኛ ነው፤ ድምሩ ግን በየትኛውም ቀን፣ በየትኛውም ወታደር ትከሻ ላይ ያልነበረ ጠመንጃ ነው። ጠረጴዛችን ላይ ያለው የኳሊቲ ሪሲቨር፣ የሮክ-ኦላ አፈሙዝ፣ የአንደርውድ ቃታ ቤትና የጥገና ማዕከል ማህተም ያለበት ሰደፍ የያዘው ቅይጥ በሽያጭ ዋጋው ዝቅ ሊል ይችላል። የት እንደተወለደ፣ ማን እንዳዋለደውና ማን እንደጠገነው ለሚጠይቀው ግን መልስ ያለው እሱ ነው። እንደነበረ ይገጠምና ወደ ቦታው ይመለስ።