የ40 ካሬ ቆርቆሮ ውሃ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ ልኩ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስሌቱ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ የገዛ ጣሪያችንን ውሃ አስልተን የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 8 ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ፤ ጣሪያው 40 ካሬ ነው። 40ን በ1,100 ስናባዛ 44,000 ሊትር! በባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን 2,200 ጀሪካን፣ በክብደት 44 ቶን ውሃ በዚያች ትንሽ ቆርቆሮ ላይ ያልፋል። በፍንጣቂና በትነት ለሚባክነው አንድ አምስተኛውን ብንቀንስለት እንኳ 1,760 ጀሪካን ይተርፋል። ግማሽ የሚጠጋው ደግሞ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ አሸንዳ በሌለው ቤት መሠረቱን እየቦረቦረ ወደ ቦይ ይሄዳል። መስከረም ጠብቶ ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ ግን ያው ቤተሰብ የቧንቧ ውሃ የሚመጣበትን ቀን እየቆጠረ ለጎመኑ ይሳሳል። ይህ ሁልጊዜ ያስቆጨኛል።

ጎመኑስ ምን ያህል ይጠጣል? በበጋ ፀሐይ አንድ ካሬ የተተከለ መሬት በቀን በግምት 4 ሊትር ያጣል። ሥር ከሚስበው ውሃ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በቅጠል በኩል ተንኖ ይሄዳል፤ በተክሉ ገላ ውስጥ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ 10 ካሬ የጓሮ መደብ በቀን 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ይፈልጋል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት 150 ቀናት 6,000 ሊትር መሆኑ ነው። ያ ቆርቆሮ በዓመት ከሚያወርደው አንድ ሰባተኛ እንኳ አይሞላም!

ችግሩ ማጠራቀሚያው ነው። ለ6,000 ሊትር ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሦስት ያስፈልጋል፤ ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ አይቀመስም። ባለ 1,000 ሊትሩ ግን በ40 ካሬ ጣሪያ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላዋል፤ አንድ ኃይለኛ የክረምት ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል ማለት ነው። እሱን ይዞ ከሚቀረው የተወሰነውን ከአጠጣጣችን ማትረፍ ይቻላል።

አጠጣጣችን ላይ የሚባክነው ደግሞ ከሁሉም በላይ ያስደነግጣል። በደንብ የተከፈተ የውሃ ጎማ በደቂቃ 15 ሊትር ያህል ያወርዳል፤ በሰዓት 900 ሊትር። የተለመደው የጠብታ መስኖ ቀዳዳ በሰዓት የሚያንጠባጥበው 2 ሊትር ነው። ጎማው በአንድ ደቂቃ የሚያፈሰውን ለማውጣት አንዱ ቀዳዳ ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል! ኮትቻ አፈር አንዴ ከራሰ በኋላ ደግሞ በሰዓት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚያሰርገው። ጎማውን ጥሎ ቡና ለማፍላት የገባ ሰው ሲመለስ መንገዱን አጠጥቶ ያገኘዋል። በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ ሥሩ ሥር ማጠጣት፤ ባዶውን አፈር በጭድ ወይም በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ። ወጪው ከምንም አይቆጠርም።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሸክላው ዘዴ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን ፋን ሼንግዢ የተባለ ቻይናዊ የእርሻ ሊቅ ጽፎታል፦ 6 ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንቦ እስከ አፉ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ በዙሪያው አራት የሜሎን ዘር ይተከላል፣ ገንቦው በጎደለ ቁጥር ይሞላል። ውሃው በሸክላው ግድግዳ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አፈሩ ሲደርቅ ይስባል፣ ሲርስ ይቆማል። ከ2,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ መብራትም ቧንቧም የማይፈልግ መስኖ! ለዚህ የሚሆን ማሰሮ ገበያችን ላይ ሞልቷል፤ ዘይት ያልጠጣና ቅባት ያልተቀባ መሆኑን አይቶ መግዛት፣ ሲቀብሩትም ውሃው እንዳይተንና ትንኝ እንዳይራባበት አፉን መክደን ነው።