በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ የዩኤስቢ ፖርቶች ፍጥነት መለያየት፤ መንሥኤውና መለያው፦ ከመንዝ ደጋ የመስክ ሥራ አንጻር

ከመንዝ ደጋ የሚሰበሰብ የጥናት መረጃ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በኔትወርክ ሳይሆን በተመራማሪው ከረጢት ነው። በጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን የሚከታተል፣ የአድባራትን ብራና በካሜራ የሚያነሣ፣ የሽማግሌዎችን ቃል በድምፅ የሚቀርጽ ሁሉ ውሎ ሲያበቃ የሚጠብቀው ሥራ አንድ ነው፤ የቀኑን መረጃ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መገልበጥ። ሞላሌ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ዴስክቶፕ ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ትናንት በግማሽ ሰዓት ያለቀው ቅጂ ዛሬ በዚያው ኮምፒውተርና በዚያው ዲስክ ከሰዓት ተኩል በላይ ሲወስድበት፣ በመካከሉም መብራት ሲጠፋ፣ የፖርት ፍጥነት ነገር የቴክኒሻን ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ነገሩ በቁጥር ይታይ። በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ሲጀመር አንሺዎቹን ያሳስባቸው የነበረው ፊልሙ ነበር፤ ዛሬ ፊልሙ በፋይል ተተክቷል። 200 ቅጠል ያለው አንድ ብራና እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ሲነሣ 400 ፎቶ ይሆናል። አንዱ ያልተጨመቀ ፎቶ 25 ሜጋባይት ቢይዝ መጽሐፉ 10 ጊጋባይት፣ ሃያ መጻሕፍት ደግሞ 200 ጊጋባይት ይሆናሉ። ይህ መጠን በሰከንድ 110 ሜጋባይት ቢገለበጥ ሠላሳ ደቂቃ ያህል፣ በ35 ሜጋባይት ቢገለበጥ ዘጠና አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሁለቱ ፍጥነቶች እንዲያው የተመረጡ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ተራ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ የሚደርስበት ወሰን፣ ሁለተኛው ደግሞ ዩኤስቢ 2.0 በተግባር የሚሰጠው ፍጥነት ነው።

በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኤስቢ 2.0 የስም ፍጥነቱ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ወይም 60 ሜጋባይት ነው፤ ከዚያ ላይ የግንኙነቱ ሥርዓት ራሱ ድርሻውን ስለሚወስድ ለፋይሉ የሚተርፈው ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የመጣው ዩኤስቢ 3.0 ፍጥነቱን ወደ 5 ጊጋቢት አሳደገው። ይኸው 5 ጊጋቢት ኋላ 3.1 ጄን 1፣ ቀጥሎም 3.2 ጄን 1 ተብሎ ስሙ ሁለት ጊዜ ተለውጧል። ስለዚህ በካርቶን ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር ሁልጊዜ ትልቅ ፍጥነት ማለት አይደለም፤ የደረጃው አውጪዎች በዚህ ረገድ ለገዢው አላሰቡለትም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለመለያየቱ ዋና ምክንያት የሚሆነው ዩኤስቢ 3.0 በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት መንገድ መያዙ ነው። የቀድሞዎቹ አራት ማገናኛዎች እንዳሉ ሆነው አምስት አዳዲስ ተጨምረዋል፤ ፈጣኑ መንገድ የሚያልፈው በአዲሶቹ ነው። ዲስኩ ሲሰካ ኮምፒውተሩና ዲስኩ በየትኛው መንገድ እንደሚነጋገሩ ይስማማሉ። ከአምስቱ አንዱ ከታጠፈ፣ አቧራ ከያዘ ወይም ከላላ ስምምነቱ ወደ አሮጌው መንገድ ይወርዳል፤ ይህም ያለ ምንም የስሕተት መልእክት ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ይከፈታል፣ ፋይሉ ይታያል፣ ሥራው ብቻ ይንቀራፈፋል። በተለመደው ሰፊ መሰኪያ ላይ አዲሶቹ ማገናኛዎች ወደ ውስጥ ገባ ብለው ስለሚገኙ፣ ቀስ ተብሎ የተሰካ ዲስክ አራቱን አስቀድሞ ነክቶ እንደ 2.0 ሊመዘገብ ይችላል። ነቅሎ በአንድ ጊዜ አጥብቆ መሰካት ፍጥነቱን የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ በዕድል አይደለም።

ኬብሉም እንደዚሁ ያሳስታል። ለኤክስተርናል ዲስኮች የተለመደው ሰፊውና ሁለት ክፍል ያለው መሰኪያ በአንድ ወገኑ ተራ የስልክ ቻርጀር ኬብል ይቀበላል። የዲስኩ ኬብል ጠፍቶ የስልክ ኬብል ሲተካ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ፍጥነቱ ግን ከ2.0 አያልፍም። ታይፕ ሲ የሚባሉት ኬብሎችም ብዙዎቹ ለቻርጅ ተብለው የተሠሩ በመሆናቸው ውስጣቸው የ2.0 ሽቦ ብቻ ነው።

ፖርቶቹ እርስ በርሳቸው የሚለያዩትም ከማዘርቦርዱ ባላቸው ርቀትና ከሚያዝዛቸው ቺፕ የተነሣ ነው። ከኬዙ በስተጀርባ ያሉት በቀጥታ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ሲሆኑ፣ ከፊት ያሉት ግን በኬዙ ውስጥ በሚያልፍ ኬብል የተገናኙ ናቸው። ይህ ኬብል ርካሽ ሲሆን ወይም ባለ 19 ፒኑ ማገናኛ በደንብ ሳይገባ ሲቀር የፊቱ ፖርት ሰማያዊ ቀለም ይዞ በአሮጌ ፍጥነት ይሠራል። በአንዳንድ የቆዩ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ ጎን ለጎን ያሉ ሰማያዊ ፖርቶች ለሁለት የተለያዩ ቺፖች የተከፋፈሉ ናቸው፤ አንዱ ቺፕ ድራይቨሩ ካልተጫነ የእርሱ ወገን ብቻ ይዘገያል ወይም ጨርሶ አይሠራም። ዊንዶውስ 7 የዩኤስቢ 3.0 ድራይቨር ከራሱ ጋር ይዞ ስላልመጣ በዚያ ሥርዓት በሚሠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ በተለይ ይታያል። በአንድ ሃብ ሥር የተሰኩ ዕቃዎች አንዱን መንገድ እንደሚካፈሉም መዘንጋት አይገባም፤ የካርድ አንባቢውና ዲስኩ በአንድ የ2.0 ሃብ ላይ ሆነው ሲገለባበጡ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል።

ከፖርቱ ውጭ ያሉ ምክንያቶች ብዙ ጊዜ የፖርት በደል ይመስላሉ። ፍላሾች የመጀመሪያዎቹን ጊጋባይቶች ፈጣን በሆነ የሕዋሳቸው ክፍል ተቀብለው ያ ሲሞላ ወደ እውነተኛ ፍጥነታቸው ይወርዳሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችም ከአንድ ትልቅ ፋይል እጅግ ዘግይተው ይገለበጣሉ። ለመንዝ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። የተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ከሳሕኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ በመሆኑ፣ ብዙ አምራቾች ዲስኮቻቸው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲሠሩ ይወስናሉ። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በሣሣ አየር ውስጥ ማንበቢያው ወደ ሳሕኑ ይቀርባል፤ ያላነበበውን ደጋግሞ ለማንበብ የሚሞክር ዲስክም ቅጂውን ያቆምና ይቀጥላል። ለጓሳ ካምፕ የሚመረጠው ተሽከርካሪ አካል የሌለው ኤስኤስዲ መሆን ያለበት ከፍጥነቱ በፊት በዚህ የተነሣ ነው።

መንሥኤውን ለመለየት ከሁሉ የሚሻለው አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መለካት ነው። 10 ጊጋባይት ያህል የሆነ አንድ ፋይል ይመረጥና በዚያው ኬብልና በዚያው ዲስክ በኋላ ፖርት፣ ከዚያም በፊት ፖርት ይገለበጣል፤ ቀጥሎ ፖርቱ ሳይለወጥ ኬብሉ ይለወጣል። ፍጥነቱ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በ35 ሜጋባይት አካባቢ ጸንቶ ከቆየ ግንኙነቱ ወደ 2.0 ወርዷል ማለት ነው። በፍጥነት ጀምሮ የሚወርድ ከሆነ ጥርጣሬው በፍላሹ ወይም በዲስኩ ላይ ይሁን። ዜሮ እየነካ የሚመለስ ከሆነ ዲስኩ ለማንበብ እየታገለ ነው፤ አለዚያም ኃይል አንሶታል፤ የ2.0 ፖርት የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ሲሆን 3.0 ግን 900 ይሰጣል። በሊኑክስ ላይ ‹‹ኤልኤስዩኤስቢ›› የተባለው ትእዛዝ በዛፍ መልክ ሲጠየቅ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን 480 ወይም 5000 የሚል ቁጥር ያሳያል፤ ይህ ብቻውን የግማሹን ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

የፊቱ ኬብል ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝ ከጥገናው ይልቅ የኋላውን ፖርት መጠቀም ይቀላል። የኋላዎቹ ሁሉ 2.0 የሆኑበት አሮጌ ኮምፒውተር ከሆነ የዩኤስቢ 3.0 ካርድ በማዘርቦርዱ ላይ መጨመር ይቻላል፤ አራት ፖርት ያለው ትንሽ ካርድ በሁለተኛ ትውልድ ማስገቢያ ላይ በጠቅላላው በሰከንድ ከ500 ሜጋባይት እንደማይበልጥ ግን መታወቅ አለበት። ለአንድ ተሽከርካሪ ዲስክ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ፍጥነቱ እየዋዠቀ፣ እየተቋረጠም የተጠናቀቀ ቅጂ ግን ፋይሎቹ በስም ተሟልተው ስለታዩ ብቻ ሊታመን አይችልም። የኤስኤችኤ-256 ድምር ከካሜራው ካርድና ከዲስኩ ተወስዶ ሲነጻጸር በሁለቱ መካከል አንድ ቢት እንኳ ቢለይ ይታወቃል። በ200 ጊጋባይት ላይ ይህ ንባብ በፈጣኑ ፖርት ሌላ ግማሽ ሰዓት፣ በዘገየው ሌላ ሰዓት ተኩል ይጨምራል። ካርዱ ለነገው ሥራ የሚጸዳው ከዚያ በኋላ ነው።