የንግድ ድርጅት ኢሜይል፦ በራስ ሰርቨር ወይስ በተከፋይ አቅራቢ?

በመርካቶ የሚሠሩ አስመጪዎች ከውጭ አቅራቢዎቻቸው ጋር የሚለዋወጡት ፕሮፎርማ፣ የጭነት ሰነድና የክፍያ ማረጋገጫ በብዛት የሚተላለፈው በኢሜይል ነው። አንድ መልእክት ሳይደርስ ሲቀር ለባንክ ሰነድ የማቅረቢያ ቀን ሊያልፍ፣ ዕቃውም ወደብ ላይ ተጨማሪ ኪራይ ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ በድርጅታቸው ስም የኢሜይል አድራሻ ለመክፈት ያሰቡ ነጋዴዎች አገልግሎቱን በራሳቸው ሰርቨር ያካሂዱ ወይስ በየወሩ ለሚከፈለው አቅራቢ ይስጡ የሚለውን በጥንቃቄ ሊወስኑ ይገባል።

በቅድሚያ የዶሜይን ስምና ሰርቨር የተለያዩ መሆናቸውን መገንዘብ ያስፈልጋል። የዶሜይን ስም የድርጅቱ መጠሪያ ሲሆን፣ ሰርቨር ደግሞ መልእክቱን የሚቀበልና የሚያከማች ኮምፒውተር ነው። በዶት ኢቲ የሚያበቁ የኢትዮጵያ ስሞችን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ስሙ በንግድ ፈቃዱ ባለቤት ከተመዘገበ ሰርቨሩን ማንም ቢያስተዳድረው አድራሻው የድርጅቱ ሆኖ ይቀጥላል፤ አቅራቢ መቀየርም አያስቸግርም። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ በራሱ ስም ያስመዘገበው እንደሆነ ግን ነጋዴው ለደንበኞቹ ሲያስተዋውቅ የኖረውን አድራሻ ሊያጣ ይችላል።

የራሳቸውን ሰርቨር የሚመርጡ ነጋዴዎች የሚያነሡት የወጪ ጉዳይ መሠረት ያለው ነው። የታወቁት ዓለም አቀፍ አቅራቢዎች ዋጋቸውን የሚተምኑት በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረ ሲሆን፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በአንጻሩ ፖስትፊክስን የመሳሰሉ የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌሮች ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ ዋናው ፈተና ሶፍትዌሩን መጫን ሳይሆን የተላከው መልእክት ተቀባዩ ዘንድ መድረሱ ነው። ተቀባይ ሰርቨሮች የላኪውን ማንነት ይመረምራሉ፤ ቋሚ የአይፒ አድራሻና ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እንዲሁም ዲማርክ የተባሉትን የማረጋገጫ መዝገቦች ይፈልጋሉ። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ይህን መስፈርት አጥብቀዋል። መስፈርቱን ያላሟላ መልእክት ተመልሶ ሊመጣ ወይም ስፓም ሳጥን ውስጥ ሊገባ ይችላል። የኋለኛው የከፋ ነው፤ ላኪው «ተልኳል» የሚለውን አይቶ ነገሩ እንደተፈጸመ ይቆጥራልና።

ብዙዎችን የሚያሳስበው የመብራት መቋረጥ ግን የሚፈራውን ያህል አይደለም። ላኪ ሰርቨሮች መልእክቱን ለቀናት ደጋግመው ስለሚሞክሩ የጥቂት ሰዓታት መቋረጥ ደብዳቤ አያጠፋም። የሚያሰጋው ሰርቨሩና መጠባበቂያ ቅጂው በአንድ ጣሪያ ሥር መቀመጣቸው ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ በተነሣው የእሳት አደጋ በርካታ ሱቆች ወድመዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለባንክም ሆነ ለኢንሹራንስ የሚቀርበው የግዢ ሰነድ ከሱቁ ውጭ ቅጂ ሊኖረው ግድ ነው።

በመሆኑም ቋሚ የሰርቨር ባለሙያ ለሌለው ድርጅት የዶሜይን ስሙን በራሱ ይዞ የኢሜይሉን ሥራ ለአቅራቢ መስጠት ይመከራል። የክፍያው ጫና ከከበደ በብር የሚከፈልባቸውን የአገር ውስጥ አቅራቢዎች ማነጻጸር፣ ወጪና ገቢ ደብዳቤ ለሚይዙ ሠራተኞች ብቻም አድራሻ መክፈት ይቻላል። ባለሙያ ያለው ድርጅት በራሱ ሰርቨር ቢሠራ የሚከለክለው የለም፤ ሆኖም ሰርቨሩ ከሱቅ ይልቅ በዳታ ማዕከል ቢቀመጥ ይሻላል።

አቅራቢ መቅጠር ከማጭበርበር አያድንም። የውጭ አቅራቢ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል መልእክት ሲልክ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ፣ በኢሜይሉም ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት ያስፈልጋል። የደንበኞችን መረጃ በሚመለከትም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተጣለው ኃላፊነት ሥራው ለአቅራቢ ስለተሰጠ ብቻ ከድርጅቱ ላይ አይነሣም።

የዶሜይን ስም በየጊዜው የሚታደስ በመሆኑ የማብቂያ ቀኑ ከንግድ ፈቃድ እድሳት ጋር አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። ስሙ ሳይታደስ ካለፈ በየትኛውም ሰርቨር ያለ ኢሜይል ይቆማል።